የዋሌራን ሰንደቅ ጭራ

የጌታዬን የዋሌራንን የጦር ሰንደቅ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ጫፉ ላይ ሁለት ጭራ ነበረው። እዚህ በፒካርዲ አገር ተራ ባላባት የሚይዘው ባለ ጭራውን ነው፤ አራት ማዕዘኑ ሌሎች ባላባቶችን አስከትሎ ለሚዘምት አለቃ ነው። ጌታዬ ሠላሳ ዓመት ተዋግተውም ከጭራው አልወጡም። ሁለቱ ወንድሞቻቸው ገበታ ላይ "ባለ ጭራው መጣ!" እያሉ ያፌዙባቸው ነበር።

ዘንድሮ ከድልድዩ ውጊያ ሲመለሱ ሰንደቁን ተቀብዬ ብዘረጋው ጭራዎቹ ተቆርጠዋል።

"የየትኛው ባለጌ እጅ ነው? ዓይኔ እስኪጠፋ የሰፋሁትን!" ብዬ ጮህኩ።

"ቀስ በይ፣ አንቺ ሴት! የመስፍኑ እጅ ነው" አሉ ጌታዬ እየሳቁ። "ከሦስት ልጆቼ ጋር ድልድዩን ለጠላት ስላላስነካሁ፣ ሠራዊቱ ፊት በገዛ ጩቤያቸው ቆረጡት። ይኸው አራት ማዕዘን ሆነ!"

እመቤቴ ኢዳ ባላቸው አንገት ላይ ተጠምጥመው በደስታ አለቀሱ። ጌታዬም ቁራጮቹን ከጉያቸው አውጥተው ሰጡኝ።

በሚቀጥለው ዘመቻ ወንድሞቻቸው አንገታቸውን ደፍተው ከሰንደቁ ኋላ ሊሰለፉ መጡ። እኔም ጠርዛቸውን አሳምሬ የቀመቀምኳቸውን ጭራዎች ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ አደልኳቸው።

"እንኩ ጌቶቼ" አልኩ፤ "ከኋላ ለሚከተል ሰው ጭራ ያምርበታል።"