ሙሉጌታ ቁልቁለት ላይ ብቻ ያቆማል

የሙሉጌታ ታክሲ ሞተር ማስነሻዋ፣ ሞተሪኖዋ፣ ከሞተ ቆይቷል። ሌላ ሹፌር ቢሆን «ግፉልኝ» ብሎ ይጣራል፣ ሰውም ይገፋል፣ አለቀ። እሱ ግን ሰፈራችን ኤረር በር፣ ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ያቆማታል፤ መሄድ ሲፈልግ ፍሬኑን ይለቅና እየተንከባለለች ማርሽ አስገብቶ ያስነሳታል። ሰው ላለማስቸገር! እዚያው ፊት ለፊት ቅመም የምሸጠው እኔ ጀናት፣ ይህን ጉድ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያራል።

አባቱ ወታደር ስለነበሩ ከካምፕ ካምፕ እየዞረ ነው ያደገው። ጎረቤት በለመደ ማግስት ጓዝ ይጠቀለላል። ኋላ ኋላ መልመዱንም ተወው። ለሰው ለቅሶ ቀድሞ ይደርሳል፣ በሽተኛ በነፃ ያመላልሳል፤ እሱ ሲታመም ግን በሩን ዘግቶ ይተኛል። ሾርባ ይዤ ሳንኳኳ እያሳለ «ደህና ነኝ» ይለኛል። «እኔ እንደሁ ሰው የለኝም» ማለት ይወዳል። እኛ ታዲያ ምንድን ነን? ግንብ?

ከዚያ ማርታን ወደደ። ማርታ ከተራራው ሰፈር ከሐኪም ጋራ ናት፣ አስተማሪ፣ ነገሯ ቁርጥ ያለ። «እሑድ ጠዋት ሽማግሌ ይመጣል ብዬ ለአባቴ ነግሬያለሁ። ካልላክህ እኔንም እርሳኝ» አለችው። እሱ «የምልከው ሰው የለኝም» ብሎ አምኗል። እሑድ ጠዋት ሙሉ ልብስ ለብሶ ብቻውን ሊሄድ ተነሳ።

አላህ ሲያመጣው፣ አሸዋ የጫነ መኪና ቦታውን ስለያዘበት ታክሲዋ ያደረችው ሜዳው ላይ ነበር። ቁልፉን አዞረ፣ ምንም የለም። ወርዶ ብቻውን በትከሻው ገፋት። ክራቫቱ ዞረ፣ ላቡ ተንቆረቆረ፣ እሷ ንቅንቅ አላለችም። ሰዓቱን አየ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረና፣ ዕድሜውን ሙሉ ጉሮሮው ላይ የቆመችውን ቃል አወጣት።

«ግፉልኝ።»

ወላሂ፣ አፉን ሳይዘጋ ከበብነው! ልብስ ሰፊው በክሪ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ፣ ጡረተኛው አበበ መጣ፣ እኔም በበርበሬ እጄ ደረስኩ።

«አቦ፣ እንዲህ ዘንጠህ ወዴት ነው?» አለው በክሪ።

መሬት መሬት እያየ ነገረን።

«ያለ ሽማግሌ? እኛ ሞተናል?» በክሪ በንዴት በሩን ከፍቶ ከፊት ተቀመጠ። አበበና እኔ ከኋላ ገባን። ሴት ሽማግሌ የለም ብሎ የሚያወርደኝ ካለ ይሞክረኝ! የቀረው ገበያተኛ ገፍቶ አስነሳን።

እነማርታ ቤት ስንደርስ ሙሽራው እንደ ወጉ ውጭ ቀረ። የማርታ አባት አቶ ኒቆዲሞስ አንድ በአንድ አዩን።

«ልጁ ሰው የለውም ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ።

«እሱ ራሱ ነው የሚያስወራው፣ አይስሙት» አለ በክሪ። «ሰዎቹ እኛ ነን።»

አቶ ኒቆዲሞስ ሳቁ። ማርታን ሰጡን! እልልታዬ ከከተማው ውጭ፣ ድሬ ጠያራ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ልንሄድ ስንወጣ ታክሲዋ ሞተሯ ጠፍቶ ቆማለች። ሐኪም ጋራ እንደምታውቁት ያለ ቁልቁለት የለውም፤ ይህ ሰው ግን ፈልጎ ፈልጎ ሜዳ ላይ አቁሟት ነበር። በመስኮት አንገቱን አወጣና ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ።

«ግፉልኝ!»

አቶ ኒቆዲሞስ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከሁላችን ቀድመው ከታክሲዋ ኋላ ቆሙ።