ስለ ቫኑ የተናገርኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለእናቴ አልነገርኳትም። ለፓስተሩም አልነገርኩም። በጸሎት ሰዓት እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘበዝብ ኖርኩ እንጂ፣ ይቺን አንዷን በስሟ ጠርቻት አላውቅም። አሁን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እሁድ እሁድ አንድ አዳራሽ ውስጥ አብረን ለዘመርነው፣ ዛሬ ግማሻችሁ ከከተማ ወጣ ብላችሁ ቸስተርሚር አዲስ ቤት ገዝታችሁ ለገባችሁት፣ ቤቲን በር ላይ አይታችሁ እንዳላያችሁ ላለፋችኋት። ሃይስኩል ጨርሼ፣ ኮሌጅ ገብቼ ሳልጨርስ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ አጻጻፌ ካላማራችሁ ታገሱኝ። ባትታገሱኝም አንብቡት።

ስለ ቫኑ ለኮሌጁ የተናገረችው ቤቲ አይደለችም። እኔ ነኝ። እኔ፣ ሊያ፣ የእትዬ አስቴር ልጅ።

ታሪኩን ለማታውቁት ከሥሩ ልናገር። የነዳጁ ገንዘብ ይቺን የካናዳ ከተማችንን፣ ካልገሪን፣ ያሰከረበት ጊዜ ነው፤ እስካሁንም ስካሩ ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም። ጉልበት ያለው ወንድ ሁሉ ወደ ሰሜን፣ ወደ ነዳጁ ሥራ ሄዷል። ቡና ቤቶቹ በር ላይ «ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚለው ወረቀት ጸሐይ እስኪያደበዝዘው ተለጥፎ ይከርማል። እኔ የገባሁበት ኮሌጅ ትንሽ ነው፤ ግን ያ ገንዘብ እሱንም አልዘለለውም። ችግሩ፣ ለስፖርት ተብሎ የመጣው ሁሉ ቀጥ ብሎ የሚገባው የወንዶቹ የበረዶ ሆኪ ቡድን ጋ ነው። መልበሻ ክፍላቸው የቆዳ ወንበር ገባለት። ለጉዞ ቴሌቪዥን ያለው አውቶቡስ ይመጣላቸዋል። እኛ የአገር አቋራጭ ሯጮች ያለን አንድ አሮጌ ነጭ ቫን፣ በሩ በእግር ካልተገፋ የማይዘጋ። ማሊያችን ከእኛ በፊት የነበሩት ሴቶች የሮጡበት ነው። ለጉዞ ምግብ የሚሆን ለመሰብሰብ ኮሪደር ላይ ዶናት እንሸጣለን፤ ደንበኞቻችንም የሆኪ ልጆች ናቸው።

አሰልጣኛችን ጋሼ መኮንን ነበሩ። አዲስ አበባ የስፖርት መምህር፣ እዚህ የሥጋ ፋብሪካ ሠራተኛ። ኮሌጁ ለሯጮች አሰልጣኝ የምከፍለው ደመወዝ የለኝም አለ፤ ሳህን ማጠብ እንኳ ደህና በሚከፍልበት ከተማ በነፃ የሚያሠለጥን ደግሞ ከየት ይመጣል? ቤቲ ናት እሳቸውን ከቤተ ክርስቲያናችን ያመጣቻቸው። ቤቲ እዚያው ኮሌጅ ተማሪ ነበረች፤ በትርፍ ሰዓቷ የስፖርት ክፍሉ ቢሮ መቀበያው ላይ ትሠራ ነበር። ጓደኛዬም ነበረች። ይህን ቃል ስጽፍ እጄ ትንሽ ከበደኝ፤ ግን ነበረች።

ቅዳሜ ተወዳድረን ስንመለስ ቫኑ እስከ ሰኞ ጋሼ መኮንን ጋ ይቆያል። እሁድ ጠዋት እሳቸው በዚያ ቫን ኤሪን ውድስና ሜይላንድ ሃይትስ የሚባሉትን ሰፈሮች ዞረው፣ መኪና የሌላቸውን እናቶች ለቅመው ለጸሎት ያመጧቸዋል። ከእናንተ መካከል በዚያ ቫን ያልተሳፈረ ስንት ሰው አለ? እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ከፊት ትቀመጣለች። እኔ ከኋላ። አንድ እሁድ ነዳጅ ማደያ ቆምን። ጋሼ መኮንን ወርደው ሞልተው፣ ከራሳቸው ቦርሳ ከፍለው ሲመለሱ እናቴ ገንዘብ ዘረጋችላቸው።

«ይቺን ያዙልኝ፣ ለቤንዚኑ እንኳ ትሁን።»

«እትዬ አስቴር፣ ይልቅ ያንን በር ጠበቅ አድርገው ይያዙልኝ። መንገድ ላይ ከጣልንዎት ፓስተሩ እኔን ነው የሚጠይቁኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሁልጊዜ ሲሞሉ በራሳቸው ነበር የሚከፍሉት፤ አይቻለሁ። ይህን ያዙልኝ፣ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ዙሪያውን መዞር አልፈልግም።

የዓመቱ ትልቁ ውድድር ደረሰ፤ የክፍለ ሀገሩ ኮሌጆች ሁሉ የሚገናኙበት። እኔ ፈጣን ነበርኩ። ግን ማታ ማታ ሺፍት እሠራ ስለነበር ልምምድ ላይ አንዱን ቀን አረፍዳለሁ፣ አንዱን ቀን እቀራለሁ፣ ስመጣም ስልኬን እያየሁ ነው። ጋሼ መኮንን የሚሄዱትን ጠሩ። የኔ ስም የለም። ለምን ብዬ ልጆቹ ፊት ጠየቅኳቸው፤ እሳቸውም ልጆቹ ፊት መለሱልኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ጎበዝ ነው። ልብሽ ግን እዚህ ውሎ አያውቅም። ዘንድሮ ትቀሪያለሽ።»

እውነታቸውን ነበር። ያበገነኝም እሱ ነው። ቢዋሹብኝ ኖሮ አልቅሼ ወደ ቤቴ እገባ ነበር። እውነት ስለተናገሩኝ ግን ቀጥ ብዬ ዳግ ቢሮ ገባሁ።

ዳግ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ነው። በሩ ሁልጊዜ ክፍት፣ ጠረጴዛው ላይ የሆኪ ዱላ የተጋደመበት። ያን ቀን ቤቲ ሥራ አልነበረችም። ማን ጠራኝ? ማንም። ማን ጠየቀኝ? ማንም። ተቀመጪ እንኳ ሳይለኝ ጀመርኩ።

«ኮቹ የቡድኑን ቫን እሁድ እሁድ የቤተ ክርስቲያን ታክሲ እንዳደረገው ታውቃለህ?»

እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ ጋሼ መኮንንን «አደረገው» ማለት እንዴት እንደቀለለኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ዳግ ወንበሩን ወደኔ አዞረ።

«በማን ቤንዚን?»

«እኔ እንጃ» አልኩት።

እኔ እንጃ። ጥፋቴ ይቺ ናት። ስለ ቫኑ የነገርኩት እውነት ነው፤ ኮሌጁም ቫኑ ለምን እንደሚውል የማወቅ መብት አለው፤ በዚያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ደረቴን ነፍቼ እከራከራችሁ ነበር። ግን አውቅ ነበር። በማን ቤንዚን እንደሆነ አውቅ ነበር። «በራሱ» ብል ኖሮ አንድ ቃል ነው። አላልኩም። ዝም ማለቴ ምን እንደሚሠራ አልገባሽም ነበር እንዳትሉኝ። ገብቶኛል። ለዚያ ነው ያልኩት።

ዳግ አመሰገነኝና ከመሳቢያው የሆኪ ጨዋታ ትኬት አውጥቶ ሰጠኝ። ሄድኩ። ጥሩ ወንበር ነበር። ፖፕኮርንም በላሁ። ይህንንም ጨምሬ የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ እንድታውቁት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ወሬው መጣ። አሰልጣኙ የኮሌጁን ንብረት ያለ ፈቃድ ተጠቅመዋል፣ ነዳጁም አጠያያቂ ነው፤ ስለዚህ ጋሼ መኮንን ይነሣሉ፣ የአገር አቋራጭ ቡድኑም ይዘጋል ተባለ። ጋሼ መኮንን ሳይከራከሩ ቁልፉን አስረክበው ወጡ። ለኛ የነበረችው ትንሽ በጀት የት እንደሄደች ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ። የሆኪዎቹ መልበሻ ክፍል ትልቅ ስክሪን ገባለት። ዳግ ሰበብ ሲፈልግ ቆይቷል፤ እኔ ባልናገር ሌላ ሰበብ ያገኝ ነበር። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። እውነት ነው፣ ግን እኔን አይረዳኝም። ሰበቡን ፈልጎ ያገኘው እሱ አይደለም፤ ቢሮው ድረስ ወስጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ቫኑ ቀረ። ያን ክረምት እናቶቹ አውቶቡስ ሲጠብቁ በብርድ ተቀጡ። እናቴ ጉልበቷ አልችል ብሏት ቤት ቀረች፤ ዝማሬውን በስልክ አሰማት ነበር። የገዛ እናቴን ከቤተ ክርስቲያን ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ግን ስታመሰግነኝ ከረመች።

ከዚያ ጥያቄው ተነሣ። ማን ነገራቸው? ለናንተ መልሱ ቀላል ነበር። ቢሮው ውስጥ የምትቀመጥ አበሻ አንድ ናት፤ ቤቲ። «ጆሮ ጠቢዋ መጣች» ስትሉ ሰምቻለሁ። ሲብስም «የዳግ ጆሮ» አላችኋት። «እኔ አይደለሁም፣ እኔ እኮ ነኝ ያመጣኋቸው» ብትል ማን ሰማት? እኔንማ ማንም አልጠረጠረኝም። ቡድኗ የተዘጋባት ሯጭ ነኝ፣ የሚታዘንልኝ። አንዲት እናታችን ላዛኛ ጋግረው ቤታችን ድረስ አመጡልኝ። «መቼም ቤቲ ትሆናለች፣ አይደል?» ሲሉኝ «ማን ያውቃል» አልኩ። ላዛኛውን በላሁት።

በመጨረሻ ቤቲንና ጋሼ መኮንንን ለማስታረቅ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የሽማግሌዎቹ መሪ ወንድም ግርማ ቤት፣ እሁድ ከጸሎት በኋላ። እኔ ሻይ እንዳዞር ተጠርቼ ነበር። ወንድም ግርማ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ።

«ዛሬ ማን አደረገ፣ ማን ተናገረ ብለን ልናጣራ አልመጣንም። ማጣራት ቁስል ማከክ ነው። ይቅር ልንባባል ነው የመጣነው።»

«ያላጠፋሁትን ምን ብዬ ነው ይቅርታ የምጠይቀው?» አለች ቤቲ።

«ልጄ፣ ብታጠፊም ባታጠፊም ታላቅሽ ናቸው። አዝነዋል። ጉልበታቸውን ሳሚና ነገሩ ይብቃ።»

«እኔ ግን አላደረግኩትም፣ ጋሼ ግርማ። ዳግን ደውላችሁ ጠይቁት። ኮል አድርጉለት፣ ቁጥሩ አለኝ።»

ወንድም ግርማ ሳቅ አሉ። «የኛን ገመና ፈረንጅ ሊፈታልን?»

አንድ ስልክ ነበር። አንድ ስልክ ቢደወል አልቆልኝ ነበር። ትሪውን እንደያዝኩ የሚደውል ሰው ጠበቅኩ። ማንም አልደወለም። የቤቲ እናት መሐረባቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው «ቤተልሔም፣ ስለ እኔ ብለሽ» አሉ። ቤቲ እናቷን አየች። ከዚያ ተነሥታ ሄዳ የጋሼ መኮንንን ጉልበት ሳመች። እሳቸው ክንዷን ይዘው አነሧት፤ እንባቸው መጥቶ ነበር።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጄ።»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እኔም እልል አልኩ። ትሪውን አስቀምጬ፣ እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ ከሁሉም አስበልጬ።

ቤቲ ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም። ኤድመንተን ሄደች። ፓስተሩ ስለ ይቅርታ ሲሰብኩ ጋሼ መኮንንን እንደ ምሳሌ ይጠቅሳሉ፤ ሁላችሁም አሜን ትላላችሁ። እኔ እዚያ ተቀምጬ ስሰማው ኖሬያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩላት። አልቅሼ፣ ተንተባትቤ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ፣

«ሊያ፣ ይሄን ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አለች። «እኔማ እንዳላደረግኩት ያኔም አውቃለሁ። ለማያውቁት ንገሪ።» ሥራ ላይ ነኝ አለችና ዘጋችው።

እሺ ብያለሁ። ነገርኳችሁ።

ልጅ ነበርሽ፣ ተናደሽ ነው፣ ሰይጣን ነው፤ እነዚህን ሁሉ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ተዉት። ሰይጣን ኮሌጁ ውስጥ ቢሮ የለውም፤ በእግሬ ሄጄ የገባሁት እኔ ነኝ። ወንድም ግርማም ሽማግሌ እንዳይልኩብኝ። ማንም ጉልበት አልስምም፣ ማንም ከመሬት አያነሣኝም፣ እልልታችሁንም አልፈልግም። ጋሼ መኮንን፣ እርስዎን በድያለሁ። ቤንዚኑን በራስዎ እንደሚሞሉ እያወቅኩ አላውቅም አልኩ። ለቤቲ የሰጡት ይቅርታ ወደኔ ይዙር ብዬ አልለምንዎትም፤ ሊጠሉኝ ከፈለጉ መብትዎ ነው፣ እችለዋለሁ።

እናንተም ዝም ብላችሁ አንብባችሁ «ምስኪን፣ ተናዘዘች» እንዳትሉኝ። የኔ ጥፋት የኔ ነው፤ ከላዩ ላይ ቁራሽ እንኳ ቆርሼ ለማንም አላካፍልም። ግን ያላጠፋችን ልጅ ጎንበስ ያደረጋችኋት እናንተ ናችሁ፣ ያንን እኔ ልሸከምላችሁ አልችልም። ስለዚህ እኔን ይቅር ለማለት አትቸኩሉ። ሄዳችሁ እሷን ይቅርታ ጠይቁ። ኤድመንተን ሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ሁላችሁም መኪና አላችሁ።