የሦስት ሰዓት ጽሞናና አንድ የሰመጠ መርከብ

የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች በዓመት አንድ ጊዜ፣ አርብ ከሰዓት፣ ከአትላንታ በሁለት ቫን ተነስተን ስድስት ሰዓት ያህል ወደ ደቡብ እንነዳለን። ፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ ላይ በተከራየነው ቤት በጸሎትና በትምህርት ቆይተን እሑድ እንመለሳለን። ቤቱን የምመርጠው እኔ ነበርኩ። ለዚህ የታጨሁት ዝም ስለምል ነው። ዝም የሚል ሰው በእኛ ዘንድ ወይ እየጸለየ ነው ወይ እያሰበ ነው ተብሎ ይገመታል። እኔ ግን የማስበው ስለ መርከብ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ነው። በመጨረሻው ዓመት አንድ ክሬዲት ጎደለኝ፤ ቦታ የቀረውም ኮርስ የአየር ሲሊንደር አዝሎ ውሃ ውስጥ መጥለቅ ብቻ ነበር። መዋኛ ገንዳው ወለል ላይ ተንበርክኬ የመጀመሪያውን ትንፋሽ ስወስድ፣ እዚህ ማንም ተናገሪ እንደማይለኝ ገባኝ። ክፍል ውስጥ እጄን ለማውጣት ሳምንት የሚፈጅብኝ ልጅ፣ ውሃ ውስጥ በእጅ ምልክት መቀለድ ጀመርኩ። ለእናቴ ግን ትንፍሽ አላልኩም። እናቴ ልጅ ሆኜ ገላዬን ስታጥበኝ ውሃውን ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ሞልታው አታውቅም።

ደብተሬ ሁለት ዓምድ ነበረው። በግራ ኮሚቴው የሚያየው ነው፤ ስንት መኝታ ቤት፣ ስንት ፍሪጅ፣ ቫን የሚቆምበት አለ ወይ፣ ጎረቤት በመዝሙር ይቆጣል ወይ። በቀኝ በእርሳስ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የእኔ ነው። በዚያ ጠረፍ ለዓሣ መጠለያ እንዲሆኑ ተብለው የሰመጡ አሮጌ መርከቦች አሉ። ሁሉም ግን አይሆኑም። ወንዝ ከሚገባበት አጠገብ ያለው፣ ዝናብ በዘነበ ማግስት ውሃው ሻይ ይመስላል። ጥልቀቱ ከመቶ ጫማ የሚያልፈው ለእኔ ልምድ አይመጥንም። የተፈጥሮው ሪፍ፣ ዓሣና ስፖንጅ የሰፈረበት ዐለት ማለት ነው፣ ከሁሉም ያምራል፤ ግን አብዛኛው ሩቅ ነው፣ ጀልባው ብቻ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። የምፈልገው ስልሳ ጫማ ገደማ ላይ፣ ለወደብ የሚቀርብ፣ አሸዋ ላይ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ መርከብ ነበር። መርከቡን ካገኘሁ በኋላ ለመርከቡ የሚቀርብ ቤት እፈልጋለሁ።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው አትላንታ ዳር ስኮትዴል፣ ሰብሳቢያችን ቤት ነው። ሰብሳቢያችን ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ነርስ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። የሦስት ቤቶች ፎቶ ይዤ እቀርባለሁ።

"አንቺን የቱ ደስ አለሽ፣ ልጄ?"

"ሁለተኛው፣ እትዬ። ጸጥታ አለው።"

ውሸት አልነበረም። ስልሳ ጫማ ታች በጣም ጸጥ ይላል።

"እሷ ካለች አለቀ። ይቺ ልጅ ጸልያበት ነው የምትመጣው።"

ፀጉር ሠሪዋ ጓደኛዬ በየዓመቱ ያንኑ አንድ ቤት ታነሳ ነበር። "ኦኬ፣ ግን ያኛው ጃኩዚ አለው!"

"የሙቅ ውሃ ገንዳ ለጸሎት ምን ያደርግልሻል፣ አንቺ?" ይሏታል እትዬ።

የቀረው ችግር ሰዓት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጽሞና አለን። እያንዳንዷ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ወደ ፈለገችበት ብቻዋን ትሄዳለች፤ ማንም ማንንም የት ነበርሽ አይልም። ግን አንድ ሰዓት ብቻ ነበር፤ በአንድ ሰዓት ደግሞ ጀልባ ደርሶ አይመለስም። የመጀመሪያውን ዓመት ጀልባዎቹ ሲወጡ ዳር ቆሜ አየሁ። በሁለተኛው ዓመት ስብሰባ ላይ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳልጠየቅ እጄን አወጣሁ።

"ጽሞናው ሦስት ሰዓት ቢሆንስ?"

እትዬ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ሰማችሁ? እናንተ ስልካችሁን አምስት ደቂቃ አታስቀምጡም፣ ይቺ ልጅ ሦስት ሰዓት ከአምላኬ ጋር ልሁን አለች!"

ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። "ላይክ፣ ሦስት ሰዓት? ምን አድርገንሽ ነው?"

በዚያ ዓመት ማንም ሳያውቅ ጠልቄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ዓመት የመረጥኩት፣ ትልልቅ መርከቦችን ሲጎትት ያረጀ አንድ ትንሽ መርከብ ነበር። ከወደቡ ሃያ ደቂቃ፤ ወደቡ ደግሞ ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ። ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መጽሐፍ ቅዱሴን በፎጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። ጀልባው ላይ አንድ ምዕራፍ አንብቤአለሁ፤ ይህ ይመዝገብልኝ። ከአስጎብኚያችን ኋላ ስወርድ መጀመሪያ የጭስ ማውጫው ታየኝ፣ ቀጥሎ የመሪው ክፍል። በመስኮቱ አንድ ወፍራም ዓሣ አንገቱን አውጥቶ፣ መንገደኛ እንደሚቆጥር ጎረቤት ያየኛል። ብዙ ተያየን።

ወደብ ስንመለስ ለአራት ሰዓት አሥር ደቂቃ ይቀረው ነበር። እትዬ በቤት ጫማ፣ ስልክ በእጃቸው፣ ቆመዋል። ከሴቶቹ አንዷ ስኳሯ ወርዶባት ኖሯል። እሷን ካስተኙ በኋላ ሌሎቹን ሲቆጥሩ እኔ ጎደልኩ። ስልኬ አልጋዬ ላይ ተገኘ። ዳርቻውን ይዘው፣ ወደ ውሃው እያዩ፣ ስሜን ሲጠሩ ነበር።

"ፊትሽ ምን ሆኗል?" አሉ።

የመጥለቂያው መነጽር ከግንባሬ እስከ ከንፈሬ ቀይ ክብ አትሞብኛል። ትራስ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ከፀጉሬ ውሃ ይንጠባጠባል።

ጓደኛዬ ከኋላቸው ብቅ አለች። "ኦ ማይ ጋድ! ሦስት ሰዓቱ ለዚህ ነው!"

"ዝም በይ፣ አንቺ!" አሏት። ወደ እኔ ዞሩ። "ነገ ምስክርነት ላይ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። ይህን ቤት እንዴት እንደመረጥሽው ትነግሪናለሽ።"

ምስክርነት ማለት እግዚአብሔር ያደረገልሽን በሰው ፊት ቆመሽ መናገር ነው። እስከዚያ ድረስ ሦስት መልስ አዘጋጀሁ፤ ሦስቱም ያማሩ፣ ሦስቱም ግማሽ እውነት። እውነቱን ከተናገርኩ ሁለተኛ ምረጪ የሚለኝ የለም፤ መርከብም አበቃ። እሑድ ጠዋት ሃያ ሁለት ሴቶች ፊት ስቆም ሦስቱም መልሶች ጠፉብኝ። ደብተሬን ገለጥኩና የቀኙን ዓምድ አነበብኩ።

"ጥልቀት፣ ስልሳ ጫማ። ከወደብ፣ ሃያ ደቂቃ። ወለሉ፣ አሸዋ። በአቅራቢያው ወንዝ የለም።"

አንዲት ሴት ከልማድ "አሜን" አለችና አፏን ያዘች።

"ጃኩዚ ያለው ቤትስ?" አለች ጓደኛዬ።

"ከመርከቡ ሩቅ ነው።"

ሳቁ ፈነዳ። እትዬ ግን አልሳቁም።

"ሲያስተምሩሽ፣ ሰው ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ምን ያድርግ አሉሽ?"

"የት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ ዳር ላለ ሰው ይንገር።"

"ለማን ነገርሽ?"

ያን ጊዜ ዝምታዬን ጸሎት ነው ያለ ሰው አልነበረም።

"ለእናትሽ ራስሽ ትነግሪያታለሽ። አሁን ደብተሩን አምጪ።"

የሚወስዱብኝ መስሎኝ ሰጠኋቸው። እስክሪብቶ አውጥተው ሦስተኛ ዓምድ አሰመሩ፤ አናቱ ላይ "የምትመለሺበት ሰዓት" ብለው ጽፈው መለሱልኝ።

ለእናቴ በዚያው ሳምንት ነገርኳት። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ በሦስተኛው ቀን ስልሳ ጫማ ስንት ፎቅ እንደሚሆን ጠየቀችኝ።

በአራተኛው ዓመት ጽሞናው ወደ አንድ ሰዓት ተመለሰ። ከሥሩ ግን "ነፃ ጊዜ፣ ሁለት ሰዓት" የሚል አዲስ መስመር በእትዬ እጅ ጽሑፍ ገብቶ ነበር። ጠልቄ ስመለስ ጀልባው ጫፍ ላይ፣ ብርቱካንማ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሰው፣ ፊታቸው በማዕበሉ አመድ መስሎ፣ ሰዓታቸውን እያዩ ጠበቁኝ።

"አርባ ደቂቃ ብለሽ አርባ ሦስት!"

"ይቅርታ፣ እትዬ።"

"ዓሣ ነበር?"

"ብዙ።"

አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ። "ጀልባ የማያስፈልገው የለም? ሰው ከዳር በእግሩ ገብቶ የሚያየው?"

ነበር። ከዳር ሃምሳ እርምጃ ላይ ያለ ጥልቀት የሌለው ሪፍ፣ ገና በመጀመሪያው ዓመት በእርሳስ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ለጓደኛዬ እንዴት እንደምነግራት ግን ጨነቀኝ፤ ሪፉ ያለው ጃኩዚ ካለው ቤት ፊት ለፊት ነው።