ጥላ የለመደ ቡና

ቸኮለ ሚስቱን ሲሳይነሽን የቀበራት በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ኅዳር ላይ ነው። ልጅ አልነበራቸውም። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከጓሯቸው፣ እሷ የተከለችው አንድ እግር ቡና ነበር። የመኪና አቧራ ሲለብስ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ቅጠሉን አንድ በአንድ ትወለውላለች። እኛ ጎረቤቶቿ «እንግዲህ ክርስትና አስነሺው» እያልን እንቀልድባት ነበር።

ተዝካሯ ጥር ላይ ሆነ። ቸኮለ ዳሱ ጠበበ እንዳይባል ፈራ። እንጨት ሲያጥረው መጥረቢያውን አንስቶ ቡናው ከሥሩ ያደገበትን ዋንዛ ጣለው። ለእሷ ክብር ብሎ ነው። እኛም በዋንዛው ቅጠል በተሸፈነው ዳስ ተቀምጠን በላን፣ ጠጣን፣ ነፍስ ይማር ብለን ወጣን። ወደ ጓሮ ዞር ብሎ ያየ የለም። ይኼ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ቡናው ጠራራ ፀሐይ ላይ ቀረ። ቅጠሉ መጀመሪያ ጠወለገ፣ ቀጥሎ ገረጣ፣ ፀሐይ የሚመታው ፊቱ ነጥቶ እንደ ተጠበሰ ጠቆረ። ቸኮለ የጠማው መስሎት ወገቡ እስኪቆረጥ ከወንዝ ውሃ ተሸከመ። ተው ብንለው አይሰማም።

«የሷ ነገር የቀረኝ ይኸው ነው» ይላል።

በመጨረሻ የቀበሌያችን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ንጋት መጣች። ቅጠሉን ገልብጣ አየችው።

«አባባ፣ ውሃ አልጠማውም፤ ብርሃን በዝቶበት ነው። ቅጠል ምግቡን የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ከአቅሙ በላይ ሲመጣበት ግን ያቃጥለዋል። ይኼ ደግሞ ጥላ ውስጥ ነው ያደገው።»

«ቆይቶስ አይለምደውም፣ ልጄ?»

«ይኼ ቅጠል አይለምድም፣ ይረግፋል። አዲሱ ግን ጠበብ፣ ወፈር ብሎ ይወጣል፤ እሱ ይችለዋል። እስከዚያው ጥላ ይሥሩለትና ቀስ እያሉ ያሳሱለት።»

ቸኮለ የተዝካሩን ዳስ አፍርሶ እንጨቱን ከቡናው ዙሪያ ተከለው፣ ከላይ ሣር ጣል ጣል አደረገበት። ቅጠሉ ግን መርገፉን አልተወም።

ዝናብ ሲጥል ቡናው አቆጠቆጠ። እኔ እንኳን ደስ ያለህ ልለው ሄድኩ። የሲሳይነሽን ጨርቅ ይዞ ከቡናው ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። አዲሱን ቅጠል ሊወለውል ጀምሮ እጁን መለሰ።

«እጇ የነካው ቅጠል አንድ እንኳ አልቀረም» አለኝ። «ይኼኛው አያውቃትም።»