ሦስት ደቂቃ የተባለው ሊፍት

ሕንፃው አናት ላይ ባለው ሞተር ክፍል፣ ሊፍት ጠጋኙ ማብሪያውን ጫነው። ሞተሩ ዝም አለ። ደግሞ ጫነው። የተቃጠለ ሽቦ ሸተተው።

ከሥሩ፣ በአራተኛና በአምስተኛ ፎቅ መካከል፣ አገር የሚያውቃት ዘፋኝ ሊፍት ውስጥ ቆማለች። አብራት ያለችው የመገናኛ ሬዲዮ የደበቀች ተዋናይት ናት፤ የፈራች መስላ እንድትጮህ ተቀጥራለች። ዝነኞችን ጉድ እየሠራ የሚያስቀው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ጠጋኙን የጠየቀው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራው ሰው ያለበትን ሊፍት ሆን ብሎ አስቁሞ አያውቅም። እሺ ያለው ልጁ ለዚህ ፕሮግራም ስትል እራቷን ስለምትተው ነው።

ሬዲዮኑን አነሳ። "ሊፍቱ የምር ቆሟል። አልነሳም ብሏል።"

የፕሮግራሙ አዘጋጅ ከምድር ቤት ሳቀ። "ጎሽ ጋሼ! አንተም ገባህበት? እኛን ግን አትሸውደንም።"

"ቀልድ አይደለም እያልኩህ!"

"ፊቱን አቅርበህ ቅረጽልኝ" አለ አዘጋጁ።

ይህን ያለው ሞተር ክፍሉ ውስጥ ላለው ካሜራማን ነው። ሊፍቱን በእጅ ለማውረድ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ፍሬኑን የሚያላቅቀውን ዘንግ ይጫናል፣ ሌላው የሞተሩን የእጅ ጎማ ያዞራል።

"ካሜራህን አስቀምጥና ይችን ዘንግ ያዝልኝ" አለው ጠጋኙ።

"ስይዛት ልትፈነዳብኝ? እነዚህ ሰዎች በልደቴ ቀን መኪናዬን ደብቀው አስለቅሰውኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ ጋሼ።"

የተዋናይቷ ድምፅ በሬዲዮ መጣ። "ክፈቱ! አስም አለባት፣ መድኃኒቷ ቦርሳዋ ውስጥ ነው!"

ቦርሳዋን፣ ስልክ እንዳትደውል ብለው፣ ቀድመው ወስደውባታል።

"ይቺን ልጅ እዩልኝ!" አለ አዘጋጁ። "ሽልማት ይገባታል።"

ጠጋኙ መከራከሩን ተወ። ካሜራማኑን በኮሌታው ይዞ ፊቱን ወደ መቆጣጠሪያው ሳጥን አስጎነበሰው።

"አሽትት።"

ቀጭን ጢስ የካሜራማኑን ዓይን ቆጠቆጠው። ካሜራውን ወለሉ ላይ አኖረና ሬዲዮኑን ነጠቀ። "የምር ነው! ቦርሳዋን አራተኛ ፎቅ አድርሱ!" እሱን አመኑት። ከሬዲዮኑ የሩጫ ኮቴ ተሰማ።

"ተጫን ስልህ ተጫን፣ ልቀቅ ስልህ ልቀቅ። በገዛ እጅህ ምንም እንዳታደርግ" አለው ጠጋኙ ዘንጉን እያስያዘው።

ጎማው ከባድ ነው። ጠጋኙ ሊፍቱን በጣት በጣት አወረደው። ተዋናይቷ መጮህ አቁማለች። ከሬዲዮኑ የሚሰማው እንደ ፉጨት የቀጠነ የዘፋኟ ትንፋሽ ነው፤ ይቆማል፣ ይመለሳል።

"ዘንጉን አትልቀቅ እንጂ! ተጫን!" አለ ጠጋኙ።

ገመዱ ላይ በቀይ የተቀባው የአራተኛ ፎቅ ምልክት መጣ። ጠጋኙ የሊፍቱን በር ቁልፍ ይዞ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደና በሩን ከፈተ። ዘፋኟ በጉልበቷ ወጣች። ከንፈሯ ጠቁሯል። መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ሳበች፣ ከዚያ ሦስተኛ።

አሥራ አንድ ደቂቃ ሆኗል።

ምስሏ እንዲታይ የፈቃድ ወረቀት ሲዘረጉላት አልፈረመችም። ጠጋኙ ግን ጠዋት፣ ሥራ ሳይጀመር፣ ፈርሟል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ በቴሌቪዥን የታየው የእሱ ፊት ብቻ ነው። "ቀልድ አይደለም" ሲል ሳቅ ጨምረውበታል።