አስራ አንድ ኦም

በኒ ማሊክ ሰፈር ካለችው ክፍሌ ጎን ያለው ጎረቤት የኤሌክትሪክ ምድጃውን ሲሰካ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ በበሩ ስር ገባ። አፍንጫዬን ብይዝም አልቀረልኝም፤ ወደ አስራ ሰባት ዓመቴ መለሰኝ።

መካ፣ ዓዚዚያ ሰፈር፣ አንድ የሐጃጆች ማረፊያ ውስጥ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከሐጅ ሰይድ ጋር ገመድ እዘረጋ ነበር። በዚያ ዘመን አንዱ ቤት መቶ አስር ቮልት ነው፣ ሌላው ሁለት መቶ ሃያ። ምግብ አብሳይዋ ዘሃራ ባለ መቶ አስር ምድጃ ይዛ መጣች።

«ወንድሜ፣ ሁለት መቶ ሃያው ላይ ልሰካው?»

ፊዚክስ ተምሬያለሁ፤ በዚያ ላይ ቆንጆ ነበረች።

«ቮልቱ እጥፍ ከሆነ ኃይሉም እጥፍ ነው፤ ገመዱ ይችለዋል። ሩዝሽ ቶሎ ይበስላል» አልኳት።

ምድጃው ነደደ፤ መጋረጃውንም ይዞት ሄደ። የማረፊያው ባለቤት ማዳሟ ዘሃራን «ኸላስ፣ በቃ፣ ጓዝሽን ያዢ» አለቻት።

ሐጅ ሰይድ ካርቶን ላይ ጻፉ። «የምድጃው መቶ አስር ቮልት ለአስር አምፔሩ ሲካፈል አስራ አንድ ኦም። የምድጃው ሽቦ ሬዚስታንስ፣ እምቢታው፣ ያው ነው። ሁለት መቶ ሃያ ለአስራ አንድ፣ ሃያ አምፔር። በል ቮልቱን በአምፔሩ አባዛው።»

«አራት ሺህ አራት መቶ ዋት።»

«አየህ፣ የበፊቱ አንድ ሺህ አንድ መቶ ዋት አራት እጥፍ ነው። ስኪው ያላት ማነው?»

ዘሃራ አየችኝ። «ራሴ ነኝ የሰካሁት፣ ሐጅ» አለች።

እኔ ጀግናው ካርቶኑ ላይ አቀርቅሬ «ሒሳቡ ልክ ነው» አልኩ።

ሐጅ ሰይድ ራሴን ዳበስ አድርገው፣ «ምናለ እንዳንተ ያለውን ብትጠይቅ ኖሮ» አሉ። ዘሃራ ጓዟን በፌስታል ይዛ ደረጃውን ወረደች።

ዛሬ ሰፈሩ «ሙሐንዲስ» ብሎ ይጠራኛል። እኔም አቤት እላለሁ።