የክላክሱ ዜማ

አምባ ጊዮርጊስ የፊዚክስ መምህር ሆኜ ስመደብ፣ የተከራየሁት ክፍል አስፋልቱ ዳር ባለ የአንድ መሪጌታ ግቢ ውስጥ ነበር። የኔታ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸውና ጆሯቸው አይምርም፤ በር ሲያቃስት እንኳ ፊታቸውን ያጨፈግጋሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት ደጃፍ ተቀምጠን ሳለ ከጎንደር የመጣ አውቶብስ ክላክሱን ሳያቋርጥ እያስጮኸ አለፈ።

«አበላሸው!» አሉ የኔታ። «በቀጭኑ በአራራይ ጀምሮ እፊታችን ሲደርስ ወደ ወፍራሙ ግዕዝ አወረደው። ምነው ይሄ ሾፌር በአንዱ አይጸናም?»

ተማሪዎቼን ላስረዳ ስንት ቀን የደከምኩበትን ነገር እሳቸው በጆሯቸው ያዙት።

«ሾፌሩ አልለወጠውም የኔታ። ማኪናው ወደኛ ሲመጣ የድምፁ ሞገድ ይጠጋጋል፣ ይቀጥናል። ሲርቅ ይራራቃል፣ ይወፍራል።»

«እኔ ድምፅ አልለይም ነው የምትለኝ?»

በነጋታው በልጅነቱ እሳቸው ዘንድ ፊደል የቆጠረ የሚኒባስ ሾፌር ክላክሱን እያስጮኸ እንዲነዳልን ለመንኩ። የኔታ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ጋቢና ገቡ፤ እኔ መንገድ ዳር ቆምኩ። ክላክሱን እንደተጫነ በፊቴ ሽው ብሎ አለፈ።

ተመልሰው ሲወርዱ፣ «ከጫፍ ጫፍ አንድ ድምፅ ነው» አሉኝ።

«እኔ ግን ሲወርድ ሰማሁ።»

«ጆሮህ ነዋ! ማን አስተማረህና!»

ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ከዚያ ተለዋወጥን፤ እኔ ጋቢና ገባሁ፣ እሳቸው ዳር ቆሙ። ስንመለስ እጃቸውን ከጆሯቸው አላነሱም ነበር።

«ወረደ» አሉ ቀስ ብለው። ወደ ሾፌሩ ዞረው፣ «አንተ፣ በፈጠረህ፣ ነካካኸው እንዴ?»

«ኧረ አልነካሁም የኔታ።»

«ታዲያ እኔ ውስጥ ሳለሁ ስለምን አልሰማሁትም?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አብረውት ስለሄዱ ነዋ። ለውጡ የሚሰማው ቆሞ ለሚጠብቀው ነው።»

ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያ ያንን ምስኪን የአውቶብስ ሾፌር በከንቱ አማሁት» አሉ። ንስሓ የገቡ መሰለኝ። እኔም አሸነፍኩ ብዬ በኩራት ወደ ክፍሌ ገባሁ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደቀ መዝሙሮቻቸው አስፋልቱ ዳር ነጠላቸውን ታጥቀው፣ እያዜሙ በየተራ ይሮጣሉ። የኔታ መሐል ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያዳምጣሉ። አንዱ እያለከለከ ዜማውን ሰባብሮት አለፈ።

«የኔታ፣» አልኳቸው ሳቄን ውጬ፣ «ሰው በሩጫ እንደ ማኪና አይፈጥንም። ለውጡ እንዲህ በቀላሉ አይለይም።»

«እሱስ ሸጋ ሰበብ ነው» አሉና ወደ ልጆቹ ጮኹ፦ «እንደገና! መምህሩ ቀርፋፋ ናችሁ እያላችሁ ነው!»